መቆፈሪያው ከመነሣቱ በፊት «አፊኒ»

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)






በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ቤቱ ዕድሜ፣ ስለ ሕንፃዎቹና ስለ ተመራቂዎቹ መናገር የተለመደ ነው። ይህን ከእኔ የተሻሉ ተናጋሪዎች ስለሚፈጽሙት፣ እኔ ደግሞ ሕንፃዎቹ ስለ ቆሙበት መሬት፣ ይልቁንም በዚያ መሬት ውስጥ ስለ ተቀበረው ታሪክ ጥቂት እናገር ዘንድ ፍቀዱልኝ። የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሕዝብ የራሱን ጥንታዊ ታሪክ በሚመረምረው ቁፋሮ ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ድርሻ ምንድር ነው? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ቱላችን የሀዋሳ ከተማ አካል ከሆነች ወዲህ ከተማው በየዓመቱ ወደ እርሻው እየገፋ ይመጣል። ትናንት እንሰት የነበረበት ጓሮ ዛሬ የቤት መሠረት ይቆፈርበታል፤ ነገ ደግሞ መንገድ ያልፍበታል። ልማቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን መሠረት የሚያወጣው ሠራተኛ በዶማው ሲቆፍር ሳያውቀው ታሪክም ይቆፍራል። የሚወጣውም ገል፣ የተጠረበው ድንጋይና አመዱ ከአፈሩ ጋር ተዝቆ ይደፋል። በሌላ ወገን ደግሞ የቦታውን ስም፣ የጥንቱን መቃብርና የቀድሞውን የሶንጎ ጥላ የሚያውቁት አረጋውያን አንድ በአንድ እየተለዩን ይሄዳሉ። ስለዚህ ከሁለት በኩል እየጠፋብን ነው፤ ከመሬቱም ከሰዉም።

አርኬኦሎጂ የሚባለው ጥናት ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ልግለጽ። ጽሕፈት ባልነበረበት ዘመን የኖሩ ሰዎች ታሪካቸውን በመጽሐፍ አልተዉልንም፤ ነገር ግን የተሰበረ ገል፣ የተጠረበ ባልጩት፣ የምድጃ አመድ፣ አጥንትና የመቃብር ድንጋይ ትተውልናል። ተመራማሪው አፈሩን ንብርብር በንብርብር እየገለጠ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የተገኘበትን ጥልቀትና አቅጣጫ እየጻፈ እንደ መጽሐፍ ገጽ ያነበዋል። ይሁን እንጂ ይህ መጽሐፍ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ አንዴ የተነበበው ገጽ ዳግመኛ አይነበብም። የተቆፈረ መሬት ወደ ቀድሞ ሁኔታው አይመለስምና ነው። በመሆኑም ማን እንደሚያነበውና ከማን ጋር እንደሚያነበው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ ሰዎች በሶንጎ ተሰብስበው ስለ አንድ ጉዳይ ሲመክሩ ተናጋሪው ነገሩን በድንገት አይጀምርም። መጀመሪያ «አፊኒ» ብሎ ይጠይቃል፤ ትርጓሜውም «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ሰላምታ ብቻ አይደለም። ነገሩ በሁሉ ጆሮ እንዲደርስ፣ የሚያውቅም የሚያውቀውን እንዲጨምር፣ «ሃላሌ» የሚሉት እውነትም ከአንድ ሰው አፍ ሳይሆን ከጉባኤው መካከል እንዲወጣ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። እኔም ዛሬ የማቀርበው አሳብ ከዚሁ ሥርዓት የተወሰደ ነው። ዶማው ከመነሣቱ በፊት ተመራማሪውም ለአገሬው «አፊኒ» ይበል፤ አገሬውም ለተመራማሪው የሰማውን ይንገረው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በ1920ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) አባ አዛይስ የተባሉ የፈረንሳይ ካቶሊክ መነኩሴ ከሻምባር ጋር በደቡብ አገራችን እየተዘዋወሩ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች መዘገቡ፤ ሥራቸውም በ1931 በፓሪስ ታተመ። በ1934 እና 1935 ደግሞ በአዶልፍ ዬንሰን የተመራ የጀርመን የፍሮቤኒዩስ ተቋም ጓድ መጥቶ የደቡብን ሕዝቦች ባህልና ድንጋዮቻቸውን አጠና። ከዚያም በ1952 የኢትዮጵያ የአርኬኦሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ እነ ፍራንሲስ አንፍሬ በዲላ አካባቢ በሻቤ የሚገኙትን በአለት ላይ የተቀረጹ የከብቶች ምስሎች ለዓለም አስታወቁ። እነዚህ ሰዎች ደክመዋልና ምስጋና ይገባቸዋል፤ እነርሱ ባይጽፉ ኖሮ ዛሬ የወደቁትና የተሰበሩት ድንጋዮች ትናንት እንዴት እንደ ቆሙ ባላወቅን ነበር። የሆነ ሆኖ በዚያ ዘመን በነበረው ልማድ የአገሬው ሰው መንገድ መሪ፣ በቅሎ ጫኝና ቆፋሪ ሆኖ ካልታየ በቀር እንደ አዋቂ ሲጠየቅ እምብዛም አይገኝም። መጽሐፉም የተጻፈው የድንጋዩ ባለቤት በማያነበው ቋንቋ ነበር።

አሁን የአገሬው ሰው ሲጠየቅ ምን እንደሚገኝ የሚያሳይ አንድ ምስክር ላቅርብ። ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጋሞ ተራሮች በቦረዳ የሆነ ነው። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጆን አርተር፣ ካትሪን አርተርና ማቲው ከርቲስ ከቦረዳ ሽማግሎች ጋር ለብዙ ጊዜ ሲሠሩ ቆዩ። ሥራቸውንም የጀመሩት በመቆፈር ሳይሆን በመጠየቅ ነው። አባቶቻችሁ የት ይኖሩ ነበር? በጦርነት ጊዜ ሕዝቡ የሚሸሸግባቸው ዋሻዎች የትኞቹ ናቸው? እያሉ ጠየቁ። ሽማግሎቹም እየመሩ ወሰዷቸው፤ ካሳዩአቸውም ዋሻዎች አንዱ ሞታ ይባላል። በዚህ ዋሻ ውስጥ በ2012 ሲቆፈር በድንጋይ ክምር የተሸፈነ የአንድ ወንድ መቃብር ተገኘ። ዕድሜው ሲመረመር 4,500 ዓመት ያህል ሆነ። ስሙም በጋሞኛ «ባይራ» ተባለ፤ የበኵር ልጅ ማለት ነው።

ቦታው ደጋና ቀዝቃዛ ስለ ነበረ በጆሮው ሥር ባለው ጠንካራ አጥንት ውስጥ የዘር ቅንጣቱ ሳይጠፋ ቆይቶ ነበር። በ2015 ውጤቱ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ከአፍሪካ ምድር ከተገኘ ጥንታዊ ዐፅም የዘር መጽሐፉ በሙሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ሰው ይህ ባይራ ሆነ። ከዛሬዎቹም ሕዝቦች መካከል ይበልጥ የሚቀርቡት በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት አሪዎች መሆናቸው ታወቀ። እንግዲህ ልብ እንበል። መሣሪያው የመጣው ከውጭ ነው፤ ቤተ ሙከራውም በውጭ ነው። ዋሻው ግን በሽማግሎቹ ልብ ውስጥ ነበረ። የዋሻዎቹን ታሪክ ለልጅ ልጅ ያስተላለፈ አፍ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ መሣሪያ ወዴት እንደሚያተኩር ባላወቀም ነበር።

ሁለተኛው ምስክሬ ከአፋር ነው። የአፋር ምድር የሰው ልጅ አፅሞች መገኛ በመሆኑ በዓለም የታወቀ ነው፤ ድንቅነሽ በ1974 በሐዳር የተገኘችው በዚያ ነው። በ2016 ደግሞ በወራንሶ ሚሌ፣ በዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በሚመራው ጓድ የሥራ ቦታ፣ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል ተገኘ። የራስ ቅሉን የመጀመሪያ ቁራጭ ከመሬት ያነሣው አሊ በሬይኖ የተባለ የአካባቢው አፋር ሠራተኛ ነው። ስሙም ከግኝቱ ዜና ጋር አብሮ ለዓለም ተነግሯል። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በጥንቶቹ ዘገባዎች ስም የማይጠራ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ በስሙ ሲጠራ፣ ዕውቀቱም ዕውቀት መሆኑ ተመሰከረ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ አንድ ብርቱ ነገር እመጣለሁ። «ሕዝብ ይሳተፍ» ስንል ሕዝብ የምንለው ማንን ነው? ብዙ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርቡለት የታወቁ የጎሳ አለቆችና የቃል አዋቂ ወንዶች ናቸው። እነርሱም ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመሬት ውስጥ አብዝቶ የሚወጣው ምንድር ነው? ገል ነው፤ ድንጋይ ነው፤ የብረት አር ነው። ታዲያ ገልን ከሸክላ ሠሪ፣ የድንጋይ መፋቂያን ከቆዳ ፋቂ፣ አርን ከቀጥቃጭ ይበልጥ የሚያውቅ ማን ነው? በሲዳማ ምድር ሸክላ የሚሠሩት ሀዲቾዎች፣ ቆዳ የሚፍቁት አዋቾዎች፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾዎች ለብዙ ዘመን ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይገናኙ ተደርገው በንቀት ዓይን ሲታዩ ኖረዋል። ይህን የምናገረው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ልማድ በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ የነበረ ነው። ነገር ግን የአያቶቻችንን ታሪክ እንመርምር ካልን፣ የአያቶቻችንን ምግብ ያበሰለውን ሸክላ የሠራችው እናት ከጉባኤው ውጭ ቆማ ምርመራው ሙሉ ሊሆን አይችልም። በእኛ ሶንጎ «አፊኒ» የሚለው ጥያቄ ለእርሷም መድረስ ይኖርበታል።

ይህ ነገር የአሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከኮንሶ አንድ ማስረጃ እነሆ። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ባልጩት ጠርቦ መሣሪያ መሥራት የወንድ ሥራ ነው ብለው ይጽፉ ነበር። ካትሪን አርተር በኮንሶ ስታጠና ግን ቆዳ የሚፍቁት፣ ድንጋዩንም ራሳቸው መርጠው የሚጠርቡት ሴቶች ሆነው አገኘቻቸው። እነዚህ የኮንሶ እናቶች በእጃቸው ሥራ ብቻ በዓለም የተሠራጨውን አሳብ አስለወጡ። እንደዚሁም በ2015 በአሪ ሕዝብ ዘንድ የተደረገ የዘር ጥናት የታተመ ነበር። የአሪ ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች ከጥንት የተለያዩ ሁለት ዘሮች ናቸው የሚል አስተያየት ነበረ። ጥናቱ ግን ሁለቱ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን፣ ልዩነት የመጣውም ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ በመጋባታቸው እንደ ሆነ አሳየ። እንግዲህ መናቅ ዘርን ለየ እንጂ የዘር ልዩነት መናቅን አላመጣም ማለት ነው። ታሪክን በሚገባ መመርመር እንዲህ ያለ ፍርድም ይሰጣል።

የእናቶችን ዕውቀት ካነሣሁ ስለ እንሰት አንድ ቃል ልጨምር። ጤፍና ገብስ በሚበቅልበት አገር የሚቆፍር ሰው የተቃጠለ ዘር በምድጃ ውስጥ ያገኛል፤ ከዚያም ሕዝቡ ምን ይበላ እንደ ነበረ ያውቃል። እንሰት ግን የሚራባው በዘር ሳይሆን ከግንዱ በሚወጣ ችግኝ ስለ ሆነ፣ የሚበላውም ሥሩና ግንዱ ስለ ሆነ፣ እንደ እህል ያለ ምስክር አይተውም። በመሆኑም እንሰት በል የነበረ ሕዝብ መሬቱ ሲቆፈር ምንም እንዳልዘራ ሊመስል ይችላል። እንሰት ስትፍቅ የኖረች የሲዳማ እናት ግን የትኛው ጉድጓድ የቆጮ ማብኪያ እንደ ነበረ፣ የትኛው መሣሪያ ለመፋቂያ እንደሚያገለግል ልታመለክት ትችላለች። የእርሷ ዕውቀት በሌለበት የተቆፈረ ጉድጓድ ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ወደ ጌዴኦ እንለፍ። በጌዴኦ ምድር ከስድስት ሺህ በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ የዓለም ቅርስ መዝገብ ያመለክታል፤ ቱቶ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ የታወቁት ናቸው። በቱቶ ፈላ በ1990ዎቹ የፈረንሳዩ ሊቅ ሮዤ ዡሶም ቆፍሮ ድንጋዮቹ በመቃብር ላይ የቆሙ መሆናቸውን አሳየ። በ2021 የታተመ የነአሸናፊ ዜና ጥናት ደግሞ በሳካሮ ሶዶ ያሉት ድንጋዮች እስከ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርሱ ገለጠ፤ ይህም ቀድሞ ከሚታሰበው አንድ ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ነው። በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የተመዘገቡት ድንጋዮቹ ብቻ አልነበሩም። እንሰቱና ቡናው ከዛፉ ጥላ በታች አብሮ የሚያድግበት እርሻ፣ የተከበሩት ደኖችና እነዚህን የሚጠብቁት ሽማግሎች ሥርዓት ጭምር ነው። ድንጋዩን ያኖረው ሽማግሌው ደኑን «አይቈረጥም» ብሎ ስለ ጠበቀ ነው። ከዚህ የምንማረው ቅርስን ከጠባቂው መለየት እንደማይቻል ነው።

ጠባቂው ሲናቅ ምን እንደሚሆንም እናውቃለን። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገራችን ተረት። የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው አገሪቱ በወራሪ እጅ ሳለች ነው፤ የተመለሰውም በ2005 ከብዙ ክርክር በኋላ ሲሆን፣ በ2008 በቦታው ቆመ። የኮንሶ ጀግኖች በመቃብራቸው ላይ የሚቆሙላቸው «ዋካ» የተባሉት የእንጨት ምስሎችም ብዙዎቹ እየተሰረቁ ለሽያጭ ወጥተዋል። ከሌቦች እጅ የተገኙት በካራት በተሠራው ቤተ መዘክር እንዲቀመጡ መደረጋቸው ደግ ነው፤ ነገር ግን ከአባት መቃብር የተነቀለ ምስል በመስተዋት ውስጥ ቢቀመጥ እንደ ቀድሞው ነው ማለት አይቻልም።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ በልባችሁ «ሙታንን መቆፈር ነውር አይደለምን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በዓለምም ብዙ አከራክሯል። በአሜሪካ በ1996 በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የ8,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ዐፅም ተገኘ። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች «ጥንታዊ አባታችን ነውና እንቅበረው» ሲሉ፣ ሊቃውንቱ ደግሞ «እናጥናው» አሉ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2015 በተደረገው የዘር ምርመራ ዐፅሙ ከዚያው ከነባሩ ሕዝብ ጋር ዝምድና እንዳለው ስለ ታወቀ፣ በ2017 በክብር ተቀበረ። በአውስትራሊያም በ1974 በሙንጎ ሐይቅ የተገኘው የጥንት ሰው ዐፅም በዚያው በ2017 ወደ አገሩ ሕዝብ ተመለሰ። ከእነዚህ ነገሮች የምንረዳው ሁለት ቁም ነገር ነው። አንደኛ፣ የአገሬው ሰው «የእኛ ነው» ያለው ቃል ከንቱ አለመሆኑን ራሱ ሳይንስ መሰከረ። ሁለተኛ፣ ነገሩ በመጀመሪያ ቀን በምክር ቢጀመር ኖሮ የ20 ዓመት ሙግት ባላስፈለገም ነበር።

ይሁን እንጂ ሚዛኑን እንጠብቅ። ሕዝብ ይሳተፍ ማለት ሕዝብ ደስ የሚለውን ብቻ ይሰማ ማለት አይደለም። የሲዳማ ሽማግሎች ስለ ሁለቱ አባቶች ስለ ቡሼና ስለ ማልዴአ፣ ከዳዋ ወንዝ ወገን ስለ መምጣታቸውም ይተርካሉ። ስለ ንግሥት ፉራም ይነገራል፤ በትውፊቱ እንደሚባለው አካሏ የወደቀባቸው ስፍራዎች ስማቸውን ከዚያ አግኝተዋል። ነገ አንድ ተመራማሪ በእነዚህ ስፍራዎች ቆፍሮ ከትውፊቱ የተለየ ነገር ቢያገኝስ? ሁለት ስሕተቶች ይጠብቁናል። አንደኛው ሽማግሌውን «ተረት አውሪ» ብሎ መናቅ ነው፤ ሁለተኛው ተመራማሪውን «ታሪካችንን ሊሰርቅ መጣ» ብሎ ማባረር ነው። ሁለቱም ሃላሌ አይደሉም። የቃል ታሪክ ቀኑን ሊያሳስት ቢችልም ቦታውንና ምክንያቱን ይይዛል፤ አፈሩ ደግሞ ቀኑን ቢናገርም ስምና ምክንያት አይናገርም። አንዱ ሌላውን ያርመዋል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሊቃውንትም ይታረማሉ። ስለ ባይራ በ2015 የወጣው ጽሑፍ ከውጭ ወደ አፍሪካ የተመለሰው ሕዝብ ዘሩን በአህጉሪቱ ሁሉ እንዳዳረሰ አድርጎ ተናግሮ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቈይ በ2016 ጸሓፊዎቹ ራሳቸው በስሌቱ ውስጥ ስሕተት ማግኘታቸውን ገልጸው አረሙት። በመታረማቸው ክብራቸው አልቀነሰም፤ ይልቁንም ታመኑ። እኛም ትውፊታችን በአንድ ቀን ቁጥር ቢታረም ክብራችን አይቀንስም።

ደግሞስ እኛ የዘመን ቆጠራ የሌለን ሕዝብ ነን? በሲዳማ የሉዋ ሥርዓት ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳና ሞጊሳ የተባሉት አምስቱ የዕድሜ ጓዶች ተራ በተራ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ስለሚቈይ፣ አምስቱ ሲዞሩ 40 ዓመት ያህል ይሆናል። አንድ ሽማግሌ «ይህ የሆነው አያቴ በነበሩበት ሉዋ ነው» ቢል፣ አዋቂ ሰው ወደ ኋላ ቆጥሮ ዘመኑን ሊቀርበው ይችላል። አያንቶ የሚባሉትም ሰማይን አንብበው የፍቼ ጨምበላላን ቀን ይወስናሉ፤ ይህ በዓል በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ በራሱ ታሪክ ምርምር ውስጥ መንገድ መሪ ብቻ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ለሳይንሱም ጉዳት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ይደረግ? ክበባችን የተመካከረበትን በአምስት ቍጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንም ተመራማሪ ወደ ቀበሌአችን ሲመጣ ከመንግሥት ፈቃዱ ጋር የሶንጎውን ምክር ይጠይቅ። በ1992 ዓመተ ምሕረት በእኛው አቆጣጠር የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ከልክሏል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚሰጥ ወረቀት የመንግሥትን ፈቃድ ያሳያል እንጂ የባለ መሬቱን ልብ አያሳይም።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው መሠረት ሲቆፍር ጥንታዊ ዕቃ ወይም ዐፅም ቢያገኝ በዚያው እንዳለ ይተወውና ለባለሥልጣን ያስታውቅ። ይኸው አዋጅ ይህን ግዴታ አድርጎታል። ወርቅ ይኖርበታል ብሎ ድንጋይ መስበር፣ ወይም ሥራ እንዳይቆም ብሎ ደብቆ መድፋት የራስን የዘር መጽሐፍ መቅደድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሲሠራ የአካባቢው ወጣት ዶማ በመያዝ ብቻ አይወሰን። መለካትን፣ መሳልንና መመዝገብን ይማር፤ ስሙም በዘገባው ይጻፍ። ዛሬ የገል ሳጥን የተሸከመ ተማሪ ነገ የራሱን ጓድ የሚመራ ሊቅ ሊሆን ይችላልና።

አራተኛ፣ ውጤቱ ወደ ሕዝቡ ይመለስ። በባዕድ ቋንቋ የታተመው ጽሑፍ ባጭሩ በሲዳምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቱና ለሶንጎው ይሰጥ። ሽማግሌው የነገረውን ነገር ፍጻሜ ሳይሰማ መሞት የለበትም።

አምስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው፤ ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም። እያንዳንዳችን በመጪው ዕረፍት አንድ ደብተር ይዘን ወደ አያቶቻችን እንሂድ። የጓሮውን፣ የኮረብታውንና የምንጩን ስም፣ ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ፣ የቀድሞው ሶንጎ በየትኛው ዛፍ ሥር ይቀመጥ እንደ ነበረ፣ ማን የት እንደ ተቀበረ እየጠየቅን እንጻፍ። የነገረንንም ሰው ስም፣ የተነገረበትንም ቀን እንጻፍ። ሁለት ሽማግሎች የተለያየ ነገር ቢነግሩን ሁለቱንም እንጻፍ እንጂ እኛ ዳኛ አንሁን። ወደ አባቶች ብቻም አንሂድ፤ ወደ እናቶች፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋና ወደ ቀጥቃጩም ቤት እንግባ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትሕትናና እርሳስ ብቻ ይጠይቃል።

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሎች፤ እኛ ልጆቻችሁ ስንመጣባችሁ «ይህ ለትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል?» ብላችሁ እንዳትመልሱን እለምናችኋለሁ። እናንተ የምታውቁት በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የለም። የቦረዳ ሽማግሎች ዋሻውን ባያሳዩ ኖሮ ባይራ እስከ ዛሬ ከድንጋይ በታች ሳይታወቅ ይተኛ ነበር። በሀዌላ ምድርም ከየትኛው ጓሮ በታች ማን እንደ ተኛ የምታውቁ እናንተ ናችሁ፤ የግንባታው መኪና ደግሞ ሳይጠይቅ እየመጣ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ደብተሮቹ ሲሞሉ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ እንዲሰጣቸው በክበቡ ስም አሳስባለሁ። አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ በዚህ በር ገብቶ «አፊኒ» ሲል፣ ይህ ትምህርት ቤት «አዎን፣ ሰምተናል፤ ጽፈናልም» ብሎ የሚመልስ ይሁን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜና መልካም ፍሬ እመኛለሁ።